ሐዲዱ ሰበታ ላይ ቆሟል፤ ቡናው ግን ጅማ ነው

ጎህ ሳይቀድ ከጅማ ተነስቶ የመጣ መንገደኛ አዲስ አበባ ሲገባ የሚወርደው አየር ጤና ነው። ሻንጣውንና ለዘመድ የያዘውን ማር አንጠልጥሎ ከአውቶቡስ እንደወረደ የሚቀበለው የታክሲ ረዳት ነው። በቀላል ባቡር ልሳፈር ቢል ገና ጦር ኃይሎች ድረስ መሄድ አለበት። ከአያት ተነስቶ ከተማዋን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጠው መስመር የሚያበቃው እዚያ ነውና። የቡናውም ዕጣ ከዚህ ብዙ አይለይም። ከጅማ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከቦንጋ ቡና ጭኖ የመጣ ተሳቢ ሰበታን ሲያቋርጥ፣ ከጂቡቲ የተዘረጋው ሐዲድ በሚያበቃበት ከተማ መሃል ነው የሚያልፈው። ያልፈዋል እንጂ አይገናኘውም፤ ጭነቱን እንደተሸከመ በጎማው ይቀጥላል።

የከተማውም ሆነ የአገር አቋራጩ ሐዲድ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ከቡናው አገር በር ሲደርስ ቆሟል። ይህ እንዲሁ የሆነ ነገር ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር፤ ነገር ግን የሁለቱም ዕዳ የሚከፈለው በዶላር ነው። ዶላሩ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ የጅማ ነጋዴ ከማንም በላይ ያውቃል።

ነገሩ ሥር የሰደደ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር ፈቃድ ሦስት ክፍል ነበረው፤ ከጂቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ከፋና ነጭ ዓባይ። የመጀመሪያው ክፍል ሐረርን ትቶ ድሬዳዋን ቆረቆረ። ሁለተኛው እየተጎተተ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ሦስተኛው፣ የከፋው፣ ከ130 ዓመት በኋላም ወረቀት ላይ ነው። ቡናው ግን ሐዲድ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። የጅማው በበቅሎ ወጣ። የኢሉባቦሩ ወደ ጋምቤላ ወርዶ በባሮ ወንዝ በመርከብ ካርቱም ገባ። ጣሊያኖች መንገድ ከጠረጉ ወዲህ ደግሞ የጭነት መኪና ዘመን ሆነ፤ እስከ ዛሬም የዘለቀው እሱ ነው።

ዛሬ የሐዲድ ወሬ እንደገና ተነስቷል። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ይስፋፋ፣ አዳዲስ መስመር ይጨመርለት የሚሉ አሉ። በክልል ከተሞችም ባጃጁንና የኮሪደር ልማቱን እያዩ «የእኛስ ባቡር መቼ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው መነሳቱ ነውር የለበትም። ነውሩ ከየትኛው ኪስ ተከፍሎ ማንን አሳፍሮ የሚለው ሲዘለል ነው።

ሂሳቡን ከከተማው እንጀምር። ቀላል ባቡሩ በ475 ሚሊዮን ዶላር ተሠራ። ከዚህ ውስጥ 85 በመቶው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። የሰሜን ደቡቡ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የምሥራቅ ምዕራቡም በዚያው በልግ ሳይደርስ፣ በጥቅምት ማብቂያ፣ ተከተለው። 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር፣ ዝቅተኛው ትኬት 2 ብር። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ እንዲህ ያለ የከተማ ባቡር ብርቅ ነበርና ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ። በርካሽ ትኬት ከአያት ስታዲየም የደረሰ የመንግሥት ሠራተኛ ያገኘውን ጥቅም ማንም ሊክድ አይችልም፤ መካድም ነውር ነው።

ይሁንና ነጋዴ ትኬቱን አይቶ ብቻ አይረካም፤ ደብተሩን ይገልጣል። ባቡሩ ሲጀምር አንድ ዶላር በ21 ብር አካባቢ ይመነዘር ነበር። የብድሩን አንድ ዶላር ለመክፈል አሥር ወይም አሥራ አንድ የሁለት ብር ትኬት መሸጥ በቂ ነበር ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ130 ብር አለፈ። በዚያው በመጀመሪያው ትኬት ሲሰላ አንዱን ዶላር ለመክፈል ከ65 በላይ ተሳፋሪ ያስፈልጋል። ይህ እንግዲህ የሹፌሩን ደመወዝ፣ የመብራቱን ሂሳብ፣ የመለዋወጫውን ዋጋ ሳይነኩ ነው። ትኬቱ ሦስትና አራት እጥፍ ቢጨመርበት እንኳ ክፍተቱ አይሞላም። ባቡሩን የሚያስከትል ዕዳ በዶላር፣ ባቡሩን የሚያጎርሰው ገቢ በብር፤ እንዲህ ያለ ንግድ የገባ የመርካቶ ነጋዴ ቢኖር ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ይመክረው ነበር።

መለዋወጫውም ከውጭ የሚመጣ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ምንዛሪው ሲጠፋ ባቡሩ ተራ በተራ ቆመ። በ2015 ዓ.ም. ከ41ዱ ሥራ ላይ የነበሩት ከግማሽ በታች ነበሩ። የቆመውን ባቡር መለዋወጫ እየነቀሉ የሚሄደውን ማቆየት የሚባለውን ዘዴ የጭነት መኪና ባለቤት ሁሉ ያውቀዋል። መጨረሻውንም ያውቀዋል።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ። በ2017 ዓ.ም. የበጀት ዓመት አገሪቱ ወደ 469 ሺህ ቶን ቡና ልካ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች። ወርቅ በዚያ ዓመት ቢቀድመውም ቡና የገበሬውም የነጋዴውም የመንግሥቱም ዶላር ሆኖ ቀጥሏል። በአማካይ ሲካፈል ቶኑ 5,650 ዶላር ገደማ ይመጣል። በዚህ ዋጋ የቀላል ባቡሩ ጠቅላላ ወጪ 84 ሺህ ቶን ቡና ነው። በ60 ኪሎ ኬሻ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ኬሻ ማለት ነው። ያውም ቡናው በታሪኩ ውድ በሆነበት ዓመት ዋጋ ነው የተሰላው፤ ብድሩ በተፈረመበት ጊዜ ዋጋ ቢሰላ ኬሻው ይበዛ ነበር።

በዚያ ላይ ላኪው ለዓመታት ዶላሩን ያገኘበትን መንገድ ማስታወስ ያሻል። ከሐምሌ 2016 በፊት በነበረው የምንዛሪ ሥርዓት ብዙው ላኪ ቡናውን ከገዛበት ባነሰ እየሸጠ፣ ኪሳራውን በሚያስመጣው ሸቀጥ ላይ ጭኖ ያካክስ ነበር። ቡና የዶላር መግዣ እንጂ ንግድ አልነበረም ማለት ይቻላል። ያ ኪሳራ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ጎማና ሚስማር፣ ዘይትና ሳሙና ላይ ተጨምሮ አጋሮ ሱቅ ደርሷል። እንግዲህ የአዲስ አበባ ተሳፋሪ ሁለት ብር ሲከፍል ቀሪውን ማን እንደከፈለለት ግልጽ ነው። የከፈለው ሰው ግን አውቶቡሱ አየር ጤና አውርዶት ታክሲ ይጠብቃል።

ዕዳው ቀልድ አይደለም። የአዲስ አበባ ጂቡቲው ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 መደበኛ ሥራ ሲጀምር በአሥር ዓመት ይከፈላል የተባለው ብድር ገና ከመነሻው አልቻለም። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ከቻይና ጋር ተነጋግረው ወደ ሠላሳ ዓመት አራዘሙት። በታኅሣሥ 2016 ደግሞ አገሪቱ በውጭ ገበያ ለሸጠችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። 33 ሚሊዮን ዶላር በዚያ ዓመት አማካይ ዋጋ ወደ 7 ሺህ ቶን ቡና ነው። ለአንድ አገር ብዙ አልነበረም፤ ግን አልተገኘም። ከዚህ በኋላ «ተበድረን እንሠራዋለን» የሚል ሁሉ መጀመሪያ ይህችን 7 ሺህ ቶን ማስታወስ አለበት።

የሚበጀው ምንድን ነው?

ለከተማው ባቡር መልሱ ብዙ ምርምር አይጠይቅም። የቆሙት ባቡሮች ሳይነሱ አንድ ሜትር አዲስ ሐዲድ በመንግሥት ገንዘብ መዘርጋት የለበትም። በጋራዥ የቆመ አሥር መኪና ያለው ሰው አሥራ አንደኛውን አይገዛም። ተነስተው ሲሄዱ፣ የመጀመሪያው ቅጥያ ከጦር ኃይሎች አየር ጤና፣ ከዚያም በዓለም ገና ሰበታ መሆን አለበት እንጂ ለታይታ የሚሆን ቦታ መፈለግ አያሻም። ከምዕራብ የሚገባው ሕዝብ የሚወርደው እዚያ ነው፤ የአገር አቋራጩም ሐዲድ መጨረሻ እዚያ ነው። ዛሬ ከድሬዳዋ በባቡር የመጣ ሰው ፉሪ ለቡ ሲወርድ ቀላል ባቡር አያገኝም። ሁለት ባቡር ያላት ከተማ ተሳፋሪዎቿን ከአንዱ ወደ ሌላው የምታሻግረው በሚኒባስ ታክሲ ነው። ይህ ሲታቀድ የተረሳ ነው ቢባል ያስቃል፤ አልተረሳም ቢባል ደግሞ ያሳዝናል።

ለዚህ ቅጥያ የሚሆነውን ገንዘብ ከውጭ መበደር አያስፈልግም። ሐዲድ ባለፈበት የቤት ኪራዩም የሊዝ ዋጋውም ይጨምራል፤ የአያትና የሲኤምሲ ደላሎች ምስክር ናቸው። ጭማሪውን ያመጣው የሕዝብ ገንዘብ ሆኖ ሳለ ትርፉ ሙሉ በሙሉ ቦታውን አስቀድሞ ለያዘ ሰው መሄዱ የሚያስገርም ነው። ከአየር ጤና እስከ ሰበታ በመስመሩ ዳርና ዳር ያለው ቦታ ገና ሐዲዱ ሳይነጠፍ በጨረታ ቢወጣና ገቢው ለመስመሩ ብቻ በተከፈተ ሂሳብ ቢገባ፣ ከተማ ውስጥ የሚያለማው ባለሀብትም የሚገዛውን ያውቃል። እርግጥ አንድ ጣጣ አለ። አየር ጤና የአዲስ አበባ ነው፤ ዓለም ገናና ሰበታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሸገር ከተማ ናቸው። ሁለት አስተዳደር፣ ሁለት የሊዝ ጽሕፈት ቤት። ተሳፋሪው ግን ድንበሩን አያየውም።

የጅማው መስመር ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል፤ ብዙ ሊባልበት የሚገባውም እሱ ነው።

በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ 2,395 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይዘረጋል ተብሎ ነበር። ከታሰቡት መስመሮች አንዱ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በኢጃጂ፣ በጅማ፣ በጉራፈርዳ አድርጎ እስከ ዲማ የሚዘልቀው ነው። በወሊሶና በወልቂጤ አለመሄዱ ያኔም ቅሬታ ሊያስነሳ የሚችል ነበር፤ ግን ኢጃጂ ላይ ወደ ነቀምቴና ወደ አሶሳ የሚሄደው መስመር ስለሚገነጠል የወለጋንም የጅማንም ጭነት በአንድ ግንድ የመሰብሰብ ሐሳብ ነበረው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ዕቅዱ አለቀ፣ ሁለተኛው ዕቅድም መጥቶ ሄደ፤ ከሰበታ ወዲያ ግን አንድ ክንድ ሐዲድ አልተነጠፈም።

አልተነጠፈም ብሎ ማዘን ብቻ ግን አይበቃም፤ የተነጠፈበትንም ማየት ደግ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ወልዲያ የተዘረጋው መስመር 390 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቱርኩ ያፒ መርከዚ ሠራው፤ ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጣበት። የአዋሽ ኮምቦልቻው ክፍል ሥራው ቢጠናቀቅም የኤሌክትሪክ ኃይል በወቅቱ ባለመድረሱ ባቡር ሳይመላለስበት ዓመታት አለፉ፤ ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የብድሩ ወለድ ግን መብራት እስኪገባ አልጠበቀም። ጅማን በዚህ ረገድ ዕድለኛ የሚያደርጋት መብራቱ ደጇ መሆኑ ነው። ባለ 184 ሜጋ ዋቱ የግልገል ጊቤ ማመንጫ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሰንዳቦ አጠገብ ይሠራል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጊቤም ከዚያው ወንዝ በታች ናቸው። ወንዙ የሚያመነጨው ኃይል አዲስ አበባ ላይ ባቡር ይነዳል፤ ጅማ ላይ የሚነዳው ባቡር የለም።

የነጋዴው ስህተት

ነገር ግን የጅማ ነጋዴም የሚሳሳተው አለ። «ባቡር ቢመጣ ቡናችን ዋጋ ያወጣ ነበር» የሚለው አባባል በየቡና መጋዘኑ ደጃፍ ይሰማል። በወረቀት ይሞከር። የአገሪቱ የ2017 ቡና በሙሉ፣ የሲዳማውም የይርጋጨፌውም የወለጋውም የሐረሩም ተጨምሮ፣ 469 ሺህ ቶን ነው። 3 ሺህ ቶን የሚጎትት ባቡር ቢታሰብ ሁሉንም ለማንሳት በዓመት 156 ጉዞ ይበቃል፤ በሳምንት ሦስት። የአገሪቱ ቡና ሁሉ በሳምንት ሦስት ባቡር! የጅማና የአካባቢው ብቻ ሲሆን ከዚያም ያነሰ ነው። ያውም ቡና ዓመቱን ሙሉ አይጫንም፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ተለቅሞ፣ ደርቆና ተፈልፍሎ የሚወጣበት ጊዜ የታወቀ ነው። ከሰኔ በኋላ ሐዲዱ ምን ይበላል?

ቶኑ ከ5 ሺህ ዶላር በላይ ለሚያወጣ ዕቃ የማጓጓዣው ድርሻም ያን ያህል አይደለም። የቡና ነጋዴ ራሱን ይጠይቅ፤ ባለፈው ዓመት ከስሮ ከሆነ ያከሰረው የኪራይ ዋጋ ነበር ወይስ የኒውዮርክ ዋጋ መውረድ፣ የባንክ ብድር መዘግየት፣ የጀንፈሉ እርጥበት? የተሳቢ ኪራይ በግማሽ ቢቀንስለት እንኳ በፈረሱላ የሚያተርፈው እጅግም የሚያኩራራ አይሆንም።

ሐዲዱ የሚያስፈልገው ለሌላው ነው። ወደ አገር ውስጥ የሚገባው ማዳበሪያ በዓመት 2 ሚሊዮን ቶን አካባቢ ነው፤ ከሚወጣው ቡና አራት እጥፍ ያህል ይመዝናል፣ ዋጋው ግን በቶን ከቡናው በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ ማጓጓዣው ይጎዳዋል። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ነዳጅ፣ ጨው፣ የምግብ ዘይት፣ ስኳር፤ እነዚህ ናቸው ሐዲድን የሚመግቡት። ከጅማ ወደ መሃል አገር ደግሞ በቆሎው፣ ፍራፍሬው፣ ጣውላው አለ። ጅማ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው የሲሚንቶውን ዋጋ የሚያውቀው ከፋብሪካው ወሬ ሳይሆን ከጊቤ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ነው። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክም ጥሬ ዕቃ አስመጥቶ ምርት ለመላክ የታሰበ ሆኖ ሳለ ከወደቡ የሚያገናኘው ያው አስፋልት ነው። እንግዲህ የቡናው ሰው ሐዲዱን የሚፈልገው ለቡናው አይደለም፤ ቡናውን ሸጦ ለሚገዛው ነው። ይህን አውቆ ካልጠየቀ የሚሰጠው መልስ በጥናት ሲመዘን ይወድቅበታል። መንግሥትም «ቡና» የሚለውን ስም ለጥፎ ሌላ ብድር ለመፈረም ምክንያት እንዳያደርገው ያሰጋል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ብዙ ጊዜ ሲነሳ አይሰማም። ለውጭ የሚዘጋጀው ቡና አብዛኛው የሚበጠረውና የሚለቀመው፣ ለላኪነት የሚታሸገው አዲስ አበባና አካባቢዋ ባሉት ማዘጋጃዎች ነው። ላኪው እዚያ ነው፣ ባንኩ እዚያ ነው፣ የመጨረሻው ቅምሻም እዚያ ነው። ስለዚህ ጅማ ላይ ሐዲድ ቢገባ እንኳ ቡናው አዲስ አበባ ወርዶ፣ ተበጥሮ፣ እንደገና ሊጫን ነው። በፉርጎ የመጣን ጭነት ለዚህ ብሎ አውርዶ በአይሱዙ ቃሊቲ ማመላለስ ደግሞ ከአሁኑ የባሰ ወጪ ነው። ኮንቴይነሩ ጅማ ላይ ተሞልቶ፣ ጉምሩክ ጅማ ላይ አሽጎት፣ ሳይከፈት ጂቡቲ የሚደርስበት ሥርዓት መቅደም አለበት። ዘመናዊ ማበጠሪያ ጅማና አጋሮ ላይ መትከል ከሐዲድ ጋር ሲነጻጸር ሽርፍራፊ ገንዘብ ነው፤ ለዚያ የሚሆን ካፒታል ያላቸው ነጋዴዎች ደግሞ በዙሪያው ሞልተዋል። አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ከመደርደር ለአንድ አፍታ ቢያርፉ።

የተሳቢ ባለቤቱና የስምሪት ደላላው ይህን ወሬ በበጎ እንደማያዩት የታወቀ ነው። የአገሪቱ ቡና በሙሉ በ400 ኩንታል ተሳቢ ቢጫን በቀን 32 መኪና ነው፤ ለባቡር ትንሽ የሆነው ለተሳቢ ባለቤት እንጀራ ነው። ኬንያ ላይ የሆነውን ማየት ይጠቅማል። ከሞምባሳ ናይሮቢ የተዘረጋው ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በቂ ጭነት ስላላገኘ መንግሥት ኮንቴይነሩ በግድ በባቡር እንዲሄድ አዘዘ። የሞምባሳ መኪና ባለንብረቶችና የመጋዘን ሠራተኞች አደባባይ ወጡ፤ ዓመታት የዘለቀ ጭቅጭቅ ሆነ። በ2015 መግቢያ ዊሊያም ሩቶ ሥልጣን ሲይዙ ከቀዳሚ ሥራዎቻቸው አንዱ የወደቡን የዕቃ ማስወጣት ሥራ ወደ ሞምባሳ መመለስ ነበር። ሐዲዱም ኡጋንዳ ይደርሳል ተብሎ ናይቫሻ ላይ ቆመ። በትዕዛዝ የሚጫን ባቡር መጨረሻው ይኸው ነው። ተሳቢው ከጅማ ገጠር እስከ ጣቢያ፣ ከጣቢያ እስከ ገበያ ሥራ አያጣም፤ ግን ያ ድርሻው አስቀድሞ በውል ካልተነገረው ነገ መንገድ የሚዘጋው እሱ ነው።

ታዲያ ማን ይክፈል? ቡና አገር የባቡር ሐዲድ የሠራበትን ታሪክ ከብራዚል ማግኘት ይቻላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1867 አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ከሳንቶስ ወደብ ተነስቶ ተራራውን ወጥቶ ጁንዲያይ የምትባል ከተማ ደረሰ። ቡናው ግን ከዚያ ወዲያ፣ ካምፒናስ ዙሪያ ነበር። እንግሊዞቹ ወደቡን የሚያገናኘውን መስመር ይዘናል፣ ይበቃናል ብለው አልቀጥልም አሉ። ልክ እንደ ሰበታ። የሳን ፓውሎ የቡና ባለርስቶች በ1868 ኮምፓኒያ ፓውሊስታ የሚባል ማኅበር አቋቁመው አክሲዮን ተከፋፈሉ፤ በ1872 ሐዲዱ ካምፒናስ ገባ። ያን ጊዜ የነበሩት ባለርስቶች በባሪያ ጉልበት የከበሩ ሰዎች ናቸውና ለአርአያነት የሚጠሩ አይደሉም። የገንዘቡ አወጣጥ ግን ይጠና። ገንዘባቸውን ያወጡ ሰዎች ሐዲዱ ቡናው ወዳለበት እንጂ ወደ ሌላ እንዲሄድ አልፈቀዱም።

እዚህም የሚሆነው ከዚያ ብዙ አይርቅም። በጥቅምት 2017 የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሕዝብ ቀረበ፤ በጥር 2017 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ። የአክሲዮን ገበያ የለንም የሚለው ሰበብ ከእንግዲህ አይሠራም። መንግሥት የመሬቱንና የድልድዩን ወጪ ቢሸፍን፣ ለፉርጎውና ለጣቢያው የሚሆነው በብር በሚሸጥ አክሲዮን ቢሰበሰብ፣ ከአክሲዮኑም አንድ ክፍል ጅማ፣ አጋሮ፣ በደሌ፣ ቦንጋ ላሉ ነጋዴዎችና የገበሬ ዩኒየኖች ቢተው፣ ቢያንስ ገዢው ሲጠፋ መስመሩ እንደማያዋጣ በጊዜ ይታወቃል። ገዢ ያጣ አክሲዮን ከማንኛውም አማካሪ ጥናት የበለጠ ይናገራል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ከቤት የወጣ ብር ሲሰበሰብ ሚኒስትሩም «ባቡሩ መቼ ይደርሳል?» የሚለው ጥያቄ ከባለአክሲዮን ሲመጣ እንደ ቀድሞው በፈገግታ አያልፈውም።

ከዚያ በፊት ግን ያለ ብድር፣ ያለ አክሲዮን፣ በያዝነው መኸር ሊሞከር የሚችል ነገር አለ። ሐዲዱ ሰበታ ድረስ አለ። የጭነቱ ሥራ ግን ያተኮረው እንዶዴና ሞጆ ላይ ነው። ሰበታ ላይ የኮንቴይነር ማንሻና መጋዘን ይቁም፤ ከጅማ በጉምሩክ ታሽጎ የመጣ ቡና እዚያ ከተሳቢ ወደ ፉርጎ ይዛወር፤ ተሳቢው አዲስ አበባን ሳያቋርጥ በዚያው ማዳበሪያና ሲሚንቶ ጭኖ ይመለስ። ለጅማው መኪና ባለቤት የሚጎድልበት ቡናው ከሰበታ ወዲያ የሚሄድበት ጉዞ ነው፤ የሚያገኘው ደግሞ ባዶውን የማይመለስ መኪና ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ቶን እንደወጣ፣ ስንት ቶን እንደገባ ይመዘገባል። ከሰበታ ወዲያ ሐዲድ ይዘርጋ አይዘርጋ የሚለውን የሚወስነው ያ መዝገብ ይሁን። ላኪዎቹና የጅማ አቅራቢዎች ለባቡር ድርጅቱ የሚጽፉት ደብዳቤ ላይም «ባቡር ይምጣልን» ከሚለው ይልቅ የቶኑ ቁጥር፣ የሚጭኑበት ወርና ለአንድ ቶን ሊከፍሉ የሚችሉት ዋጋ ይጻፍበት፤ ቀይ ቡናው አሁን እየተለቀመ ነው፣ ከጥር በፊት ኬሻው መጋዘን ይገባል።